አራት ምሳ ወደ ኦዳ

በወረርሽኙ ምክንያት ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ መብላት የተከለከለ ዕለት ኸይራ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ፣ በሩን ቆልፋ ቤቷ ገባች። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ከፈተችው። ጎረቤት ለምን እንደከፈተች ሲጠይቃት፣ «ቤት ስቀመጥ እጄን የማደርግበት አጣሁ» አለች። እውነቱ ግን መፍራቷ ነበር። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ልጆቿን ያሳደገችበት ቤት ነው። ሸራ ወጥራ ሻይ ከመሸጥ ተነስታ በድንጋይና በቆርቆሮ ያቆመችው እሷ ናት። ምድጃው አንዴ ከጠፋ ተመልሶ የሚነድ አልመስል አላት።

ሆቴሉ ኬንያ ሞያሌ፣ ወደ ድንበሩ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። በደህናው ጊዜ እኩለ ቀን ላይ እዚያ ቤት መደማመጥ አይቻልም ነበር። የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ የከብት ደላላው፣ ከኢትዮጵያ በኩል ለጉዳይ ተሻግሮ ምሳውን በልቶ የሚመለሰው ነጋዴ፣ ሁሉም በአማርኛም በኦሮምኛም በስዋሂሊም እየተጯጯኸ ይበላል። አሁን ድንበሩ ተዘግቷል፤ መንገዱም ባዶ ነው። ከተማው ጭር ከማለቱ የተነሳ ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ ሞያሌ፣ የሰው ሳል ሳይቀር ይሰማል። ኸይራ በረንዳው ላይ ቆማ አንድ የማታውቀው ሰው ከማዶ ሲያስል ትሰማለች፤ ሳሉ እስኪያቆምም ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች።

አስተናጋጇ ሻሮን ወደ ዘመዶቿ ሄዳለች። የቀረው ምግብ አብሳዩ ዓምበሮ ብቻ ነው። ዓምበሮ የወዲያ ማዶ ሰው ነው፤ ጠዋት ተሻግሮ መጥቶ ማታ ይመለስ ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ ሽንኩርት እያቁላላ ነበርና እዚሁ ቀረ። መጋዘኑ ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ ያድራል። አንዳንድ ቀን ሚስቱ ከማዶ ዳገቱ ላይ ወጥታ ሻርፗን ታውለበልብለታለች፤ እሱም ሽርጡን ፈትቶ ያውለበልብላታል።

ሁለቱ ሆነው ምግብ እየቋጠሩ መሸጥ ጀመሩ። ለኬላው ፖሊሶች፣ ለጤና ጣቢያው ሠራተኞች፣ ለአንድ ሁለት ባለሱቅ። የሚያደርሰው ጆሴፍ የሚባል የቦዳቦዳ ሞተረኛ ነበር። ሆኖም የተሠራው ግማሹ እየተረፈ በየዕለቱ ለድመቶች ይደፋል። ኸይራ ዓምበሮን ምን ብላ እንደምታሰናብተው፣ ድንበር ተዘግቶስ ወዴት ሂድ እንደምትለው ስታወጣ ስታወርድ ስልኳ ጠራ።

«የኸይራ ሆቴል ነው?» የሴት ድምፅ ነው፤ ለስለስ ያለ።

«ነው። ማን ልበል?»

«ሉባባ እባላለሁ። የነጅመዲን ባለቤት ነኝ፣ የእህል ነጋዴው።»

ኸይራ ነጅመዲንን በደንብ ታውቀዋለች። ከማዶ እየመጣ የሚነግድ፣ ሁልጊዜ ጥጉን ይዞ የሚቀመጥ፣ ሳቁ መንገድ ላይ የሚሰማ ሰው ነው። ደም ብዛት ስላለበት ጨው በዛ ሳይል ከገበታ ተነስቶ አያውቅም። ከሸቀጡ ላለመራቅ ከከተማው ወጣ ብሎ ኦዳ ላይ ቤት ተከራይቶ ቤተሰቡን እንዳመጣ ሰምታለች። ድንበሩ የተዘጋው እነሱ እዚህ እያሉ ነው።

«ምሳ ለአራት ሰው እፈልጋለሁ፤ በየቀኑ» አለች ሉባባ። «ለኔ፣ ለነጅመዲን፣ ለእናቱና ለወንድሙ ለሰሊም። እናቱ አሮጊት ስለሆኑ ሰው እንዲቀርበን አንፈልግም። የሚያመጣው ሰው ዕቃውን በሩ ፊት ካለው ድንጋይ ላይ ያስቀምጥ፤ በሩን በጠጠር ይምታና ይሂድ። ቆሞ አይጠብቅ።»

ጊዜው እንዲያ ነበርና ኸይራ ምንም አልመሰላት። ሂሳቡ ጠዋት ጠዋት በኤም-ፔሳ ይገባል፤ መልእክቱ ላይ የሚመጣውም የነጅመዲን ስም ነው። ዓምበሮ አራት የምሳ ዕቃ መርጦ እንዳይምታታበት በየእጀታው ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ክር አሰረ። ቀዩ የነጅመዲን፣ ነጩ የእናቱ፣ ሰማያዊው የሰሊም፣ ቢጫው የሉባባ። ኦዳ የሚሄደው ምሳ ዱቄቱንና ከሰሉን ቻለ። ዓምበሮን የማሰናበቱ ነገርም ሳይነሳ ቀረ።

ሉባባ በየጠዋቱ ትደውላለች። ከማዘዟ በፊት አፏን ከስልኩ ዘወር አድርጋ ቤተሰቡን ስትጠይቅ ይሰማል።

«እማማ፣ ምን ይምጣልዎት?» ትልና ሰው መልስ የሚሰጥበትን ያህል ዝም ትላለች። ከዚያ ወደ ስልኩ ትመለሳለች። «ሾርባው ወፈር ይበልልኝ ይላሉ።» እንደገና ዘወር ትላለች። «ሰሊምስ?» ጸጥታ። «ፓስታ ሰልችቶኛል፣ ሩዝ ይሁንልኝ ይላል። ነጅመዲን ደግሞ ያው ነው፣ ጨው ቀንሺ ይላል።»

በነዚያ ጸጥታዎች ውስጥ ኸይራ የምትሰማው ቆርቆሮ የሚያንኳኳ ንፋስ ብቻ ነበር። ክፍሉ ራቅ ያለ ይሆናል ብላ አሰበች።

መጀመሪያ ቅር ያለው ጆሴፍ ነው። አንድ ቀን የታጠቡትን የምሳ ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ሳይሄድ ቆመ።

«ማማ ኸይራ፣ እዚያ ቤት ሰው አለ?»

«ምን ማለትህ ነው? ምግቡን ታዲያ ማን ይበላዋል?»

«እኔ እንጃ። በሩ ፊት ያለው አፈር ላይ ከኔ ጫማ በቀር ዱካ የለም። የትናንቱ ዕቃ ታጥቦ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ያስቀመጠው ሰው ግን መሬት አልረገጠም።»

«ጠርገውት ይሆናል።»

«ማን ነው በረሃ የሚጠርግ?» አለ ጆሴፍ፤ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ከዚያ ደግሞ ዓምበሮ። ከኦዳ የሚመለሱት ዕቃዎች ሰሞኑን ያለወትሮው ያብረቀርቁ ነበር። በፊት የነጅመዲን ዕቃ የተመጠጠ ቅልጥም አያጣም፤ የእናቱ ላይ የቻፓቲ ጠርዝ ይቀራል። አሁን ሁሉም አዲስ ይመስላል። ዓምበሮ ቀይ ክር ያለበትን ከፍቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ቶሎ አስቀመጠው።

«እትዬ፣ ይኼን እስቲ ያሽቱት።»

ኸይራ አሸተተች። ቀዝቀዝ ብሎ ወደ ጭንቅላት የሚወጣ ሽታ ነው። «ሳሙና ነው» አለች።

«ሳሙና አይደለም። ካፉር ነው። ሬሳ የሚታጠብበት ውኃ ውስጥ የሚገባው። አባቴን ያጠብኩ ጊዜ ከእጄ አልለቅ ብሎኝ ነበር።»

«ልብስ ውስጥም ይከተታል እኮ፣ ለብል! ሁሉን ነገር ወደ ሞት አትውሰደው!» ብላ ጮኸችበት። ዓምበሮ ዕቃውን ወስዶ አጠበው፣ ደግሞ አጠበው።

በማግስቱ ሉባባ ስትደውል ኸይራ እንደዋዛ፣ «እስቲ ነጅመዲንን አገናኚኝ፣ ሰላም ልበለው» አለቻት።

«ተኝቷል።»

«በዚህ ሰዓት?»

ሉባባ አፏን ከስልኩ ዘወር አደረገች። «ነጅመዲን፣ ኸይራ ናት። ሰላም ልበልህ ትላለች።» ንፋሱ ቆርቆሮውን አንኳኳ። ከዚያ ሉባባ ሳቀች። «ጉሮሮው ዘግቶታል፤ በእጁ ሰላም አለሽ።»

ኸይራም አብራ ሳቀች። ስልኩን ስትዘጋ የክንዷ ፀጉር ቆሟል። ያ ሳቁ መንገድ ድረስ የሚሰማ ሰው እንዴት ነው በእጁ ብቻ ሰላም የሚለው? ደውላ ልትጠይቅ አሰበችና ተወችው። ጥያቄ ካበዛች ትእዛዙ ሊቀር እንደሚችል ታውቃለች፤ የሰው ቤት የሰው ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ውሎ ሲያድር ግን ሐሳቡ አልለቅ አላት።

ስለዚህ በዚያው ሳምንት አንድ ነገር አደረገች። የነጅመዲንን ምሳ ዓምበሮ እንዳይነካው ከልክላ ራሷ ሠራችው። ሩዙንም ሥጋውንም ያለ አንዲት ፍንጣቂ ጨው ቀቀለችው። ቀመሰችው፤ ጭቃ ነው የሚመስለው። ቀዩን ክር አጥብቃ ላከችው።

በነጋታው ስልኩ ጠራ። ሉባባ እንደወትሮዋ እማማን ጠየቀች፣ ሰሊምን ጠየቀች። ከዚያ፣ «ነጅመዲን የትናንቱ ጨው በዝቶበታል ይላል። ዛሬ ቀንሺለት» አለች።

ኸይራ ስልኩ ተዘግቶም ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቆይታለች። ምሳው እንደተለመደው ተሠራ፣ ጆሴፍም ይዞት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ እያጓራ ተመለሰ። ቅርጫቱ እንዳለ ኋላ ታስሯል። ጆሴፍ የራስ ቁሩን ሳያወልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ከዛሬ ጀምሮ አልሄድም» አለ።

«ምን ሆንክ?»

«ጠጠሩን ወረወርኩ። ልሄድ ስል ልየው አልኩና ጎንበስ ብዬ በበሩ ሥር አየሁ። አራት ጥንድ ጫማ ተሰልፎ ቆሟል። ሁለት የወንድ፣ ሁለት የሴት፤ አፍንጫው ወደኔ ዞሮ። አራት ሰው በሩ ኋላ ቆሞ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ሰላም አልኳቸው። ማንም አልመለሰም። ይብስ ተኝቼ ወደ ላይ ሳይ…» ጆሴፍ አሁን የራስ ቁሩን አወለቀ። «እግር የለባቸውም ማማ። ባዶ ጫማ ነው።»

ዓምበሮ ከማድ ቤት ወጥቶ ቆሞ ይሰማ ነበር። ኸይራ የቅርጫቱን ገመድ አጥብቃ እሷም ከኋላ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አይሂዱ» አለ ዓምበሮ።

«ምሳው ይቀዘቅዛል» አለች።

ጆሴፍ ከቤቱ ራቅ ብላ እስካለችው ግራር ድረስ አደረሳት፤ ከዚያ አላልፍ አለ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። የኦዳ ቤቶች ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ በሰማያዊ የቆርቆሮ በር የተዘጋው ግቢ ብቻውን ሜዳ ላይ ቆሟል። ወፍ እንኳ የለም። ኸይራ ቅርጫቱን ይዛ ስትሄድ የገዛ ነጠላ ጫማዋ ድምፅ ሌላ ሰው የሚከተላት እየመሰላት ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየች። ከኋላዋ ያለው ትኩስ ዱካ የራሷ ብቻ ነው። ቅርጫቱን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ በሩን በጠጠር መታች። አልሄደችም።

«ሂጂ» አለ ድምፅ ከበሩ ወዲያ። በጣም ቅርብ ነበር፤ ልክ ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ የሚናገር ነው የሚመስለው።

«ሉባባ፣ ኸይራ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ። ሂጂልኝ እህቴ። ምሳ ሰዓት ነው፤ እየጠበቁኝ ነው።»

«የትናንቱ ምሳ ለነጅመዲን እንዴት ነበር?»

«ነገርኩሽ እኮ። ጨው በዝቶበታል።»

«ምንም ጨው አልነበረበትም ሉባባ። እኔ ነኝ በእጄ የሠራሁት።»

ከበሩ ወዲያ መቀርቀሪያው ተሳበ።

ሉባባ ድምፅዋ ከሚያስገምተው በላይ የከሳች ሴት ነበረች። ልብሷ ንጹሕ ነው፤ ሻሿ በወጉ ታስሯል። በእጇ ቅጠል ያለበት ቅርንጫፍ ይዛለች። ኸይራን ካስገባቻት በኋላ ራሷ ወደ ውጭ ብቅ ብላ የኸይራን ዱካ ከድንጋዩ ጀምራ እያጎነበሰች ጠረገች፤ ወደ ኋላዋ እየሄደች የራሷንም ጠረገችና በሩን ዘጋች። አራቱ ጥንድ ጫማ ከበሩ ሥር እንደተሰለፈ ነው። ሉባባ አልፋቸው ስትሄድ እንዳትነካቸው በጥንቃቄ ዞረቻቸው።

ከዛፉ ጥላ ሥር ሰሌን ተነጥፏል። አራት ብርጭቆ ውኃ ተቀድቶ አራት ቦታ ተቀምጧል። ሉባባ የምሳ ዕቃዎቹን እየከፈተች በየቦታቸው አደረገች። ኸይራ ልትቀመጥ ስትል፣

«እዚያ አይደለም፣ የእማማ ነው» አለቻት። ኸይራ ፈቀቅ አለች። «እዚያም አይሆንም። እዚህ ተቀመጪ፣ የሰሊም ቦታ ነው። እሱ በሕይወት አለ፤ አይከፋውም።»

ኸይራ ሰማያዊ ክር ባለበት ዕቃ ፊት ተቀመጠች። ከዚያ ሆና የግቢውን ጓሮ አየች። ከአጥሩ ሥር ጅብ እንዳይጭረው እሾህ የተከመረበት ሁለት የአፈር ጉብታ አለ። አንዱ አፈሩ ደርቋል፤ አንዱ ገና ቀይ ነው።

«መቼ ነው?» አለች።

«እማማ ቀደሙ» አለች ሉባባ፤ ስለ ሩቅ አገር ሰው የምታወራ ነው የምትመስለው። «አሳላቸው፤ ከዚያ ትንፋሽ አጠራቸው። ሐኪም ቤት ልንወስዳቸው ነበር። ሰሊም ግን በስልኩ አንድ ቪዲዮ አሳየን። ነጭ የለበሱ ሰዎች በሽታው የገደለውን ሰው ሳይታጠብ፣ ሳይሰገድበት በላስቲክ ጠቅልለው ጉድጓድ ይጥላሉ። ተደብቆ የተቀበረ ከተገኘም አውጥተው ይወስዱታል አሉን። ነጅመዲን፣ እናቴን ማንም አይነካብኝም አለ። እኔ አጠብኳቸው፣ እነሱ ቆፈሩ። ከዚያ እሱን ጀመረው። ሰሊም መድኃኒት ላምጣ፣ ለዘመድም ልንገር ብሎ በእግር መንገዱ ወደ ማዶ ሄደ። እስካሁን አልተመለሰም፤ ስልኩም አይነሳም። ነጅመዲን ያለፈው እኔና እሱ ብቻችንን ሆነን ነው። እንዳይወስዱኝ ብሎ አስምሎኛል። ብቻዬን አጠብኩት። ብቻዬን ቆፈርኩ።» መዳፎቿን ዘርግታ አሳየቻት። ቆዳው ተገፎ እንደገና ጠጥሯል።

«ምሳውስ ሉባባ? አራት ምሳ ለምን?»

«ሦስት ብዬ ባዝዝ ማን ቀረ ትያለሻ! ሁለት ብልስ? ያ ሞተረኛ ያወራል፣ ከተማው ይሰማል፣ ሰዎቹ ይመጣሉ። አራት ምሳ የሚበላ ቤት ሰው አልሞተበትም። ማታ ማታ የነሱን ከጓሮ አጥር ወዲያ እደፋዋለሁ። ጠዋት የለም።» ፈገግ አለች። «መጀመሪያ ለሰው ዓይን ብዬ ነበር። ኋላ ግን ምሳ ሰዓት ሲደርስ እነሱም መምጣት ጀመሩ።»

«እነማን?»

ሉባባ ወደ ሁለቱ ቦታዎች ተመለከተች፣ ሰው ለሰው በሚያየው አስተያየት። «አሁንም አንቺን እያዩሽ ነው። አትፍሪ። እንግዳ ይወዳሉ። ብዪ፣ አንቺ ካልጀመርሽ እነሱም አይጀምሩም።»

ንፋሱ ቆሞ ነበር። ዛፉ ላይ አንድ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ኸይራ ቢስሚላህ ብላ እጇን ሰደደች። የራሷ ወጥ ነው፤ በግድ ዋጠችው። ሉባባም በላች፤ በየመሀሉ ወደ ግራዋና ወደ ፊት ለፊቷ ራሷን እየነቀነቀች፣ አንዳንዴም «እሺ» እያለች። ኸይራ እስክትነሳ ድረስ ዓይኗን ከምሳ ዕቃው ላይ አላነሳችም። ያን ቀን ያየችውን ኋላ ለዓምበሮ ስትነግረው አንድ ነገር ብቻ መናገር አልፈለገችም ነበር፤ ግን ነገረችው። ስትነሳ በድንገት ዓይኗ ሰሌኑ ላይ አረፈ። በሁለቱ ባዶ ቦታዎች ላይ ሰሌኑ ሰው የተቀመጠበትን ያህል ጎድጉዷል።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሉባባ የኸይራን ክንድ ያዘች። እጇ የጋለ አልነበረም፤ ቀዝቃዛ ነበር። «ትናገሪያለሽ?»

ኸይራ ልትዋሽ ትችል ነበር። «እናገራለሁ» አለች። «ለአንዲት ሴት ብቻ። መኪና አታመጣም፣ ነጭ ልብስም አትለብስም። መኪና ወይም ነጭ ልብስ ካየሽ በሩን እንዳትከፍቺ።»

ሉባባ ክንዷን ለቀቀቻት። ኸይራ ወደ ግራሩ ስትሄድ ከኋላዋ ቅርንጫፉ አፈሩን ሲጠርግ ይሰማት ነበር፤ ዞር ብላ ግን አላየችም።

የነገረችው ለሲስተር ሮዝ ነው። ሮዝ ጤና ጣቢያው ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት፤ የኸይራን ምግብ ከሚገዙት አንዷ። ሰምታ ስትጨርስ ነጭ ጋውኗን አውልቃ ወንበር ላይ ሰቀለች፤ አበባ ባለው ቀሚሷ ብቻ ማስኳን አድርጋ ወጣች። ጆሴፍም፣ «ሮዝ ካለች እሄዳለሁ» አለ። ሦስቱም በአንድ ሞተር ሄዱ።

ሉባባ ከፈተች። ሮዝ ራቅ ብላ ቆማ ሙቀቷን ለካች፣ አተነፋፈሷን አየች። ከዚያ በስዋሂሊ ተናገረች፤ ኸይራ አስተረጎመችላት።

«የተቀበረ ሰው አናወጣም ትላለች። ማንም አያወጣም። ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ቪዲዮ ነው። በስልክ ነው ያየነው።»

«የየት አገር ነው? ማን ቀረጸው?»

ሉባባ ሁለቱን ሴቶች አፈራርቃ አየቻቸው። «አላውቅም» አለች። «ቋንቋውም የኛ አልነበረም።» ከዚያ ደግማ ጠየቀች። «ማንም አያወጣቸውም?»

«ማንም።»

«ነጅመዲንን ሐኪም ቤት ብወስደው ኖሮ…?»

ኸይራ ይኼን አላስተረጎመችውም። ሮዝ ግን ሳይተረጎምላት ገባት። ጎንበስ ብላ መሬቱን አየች። ሉባባ መልሱን ሳትጠብቅ እዚያው የቆመችበት ቦታ ተቀመጠችና ጮኸች። እስከዚያ ቀን አላለቀሰችም ነበር፤ ድምፅ ያወጣ ቤት ይታወቅበታልና። አሁን እንደልቧ ጮኸች። ከኦዳ ቤቶች ሰዎች እየወጡ በሩቁ ቆሙ። ማንም ግን አልቀረበም።

መስጊዶች ተዘግተው ስለነበር በየደጁ ከሚሰግዱት ሽማግሌዎች አንዱን፣ ሼህ ጃርሶን፣ ኸይራ ሄዳ ለመነቻቸው። እሳቸው በማግስቱ መጥተው መቃብሮቹ ላይ ሰገዱ፤ ከኋላቸው ዓምበሮ ብቻ ነበር። ጆሴፍ ክርስቲያን ስለሆነ ከአጥሩ ወዲያ የራስ ቁሩን አውልቆ ቆመ። ሉባባ ከበሩ ሥር ሦስቱን ጥንድ ጫማ አንስታ ወደ ቤት አስገባች። የራሷን ተጫማች። ኸይራ ነይ አብረሽኝ ሁኚ ስትላት እንቢ አላለችም፤ ብቻ ሰሌኑን ጠቅልላ ከማንሳቷ በፊት ለሁለቱ ቦታዎች ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ነገረቻቸው። ምን እንዳለች ማንም አልሰማም።

ሉባባ ሮዝ ያዘዘቻትን ተለይቶ የመቆያ ጊዜ በሻሮን ክፍል ብቻዋን ጨረሰች። ከዚያ በኋላ በረንዳ እየወጣች ሩዝ ትለቅም ጀመር። አንድ ቀን ከማዶ ስልክ ተደወለ፤ ሰሊም ነበር። ተሻግሮ ሳይርቅ ይዘውት ለይቶ ማቆያ አስገብተውት፣ ስልኩንም አጥቶት ኖሯል። «ነጅመዲን እንዴት ነው?» ሲል ሉባባ አፏን ከስልኩ ዘወር አደረገች። ኸይራ ሩዙን አስቀምጣ ፈጥና ወደሷ ሄደች። ሉባባ ግን ማንንም አልጠየቀችም። ዓይኗን ጨፍና ቆየችና ወደ ስልኩ ተመልሳ እውነቱን ነገረችው።

የኦዳው ትእዛዝ ሲቀር ሆቴሉ እንደገና ወደ መዘጋት ተቃረበ። በዚህ መሀል ሲስተር ሮዝ መጣች። ከበሽታው ጋር ንክኪ ያላቸው ሰዎች አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተለይተው እንዲቆዩ ተደርገዋል፤ ቀለብ የሚያቀርብላቸው ሰው ይፈለጋል። ሥራው ቀላል ነው፤ ምግቡን በሩ ላይ ማስቀመጥ፣ ማንኳኳትና መሄድ።

«አስቀምጬ አልሄድም» አለች ኸይራ። «የምሠራው አንድ ነገር ከተፈቀደልኝ ነው። እያንዳንዱ ሰው በስሙ ስጠራው ከውስጥ ይመልስልኝ። ድምፁን ሳልሰማ ከበሩ አልንቀሳቀስም።»

ሮዝ ለምን ሳትል ተስማማች።

እንዲህ ሆኖ የኸይራ ምድጃ ያንን ክፉ ጊዜ አለፈ። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ጆሴፍ ቅርጫቶቹን ያወርዳል፤ እሷ በሩ ፊት ቆማ ስም ትጠራለች። ከውስጥ «አለሁ» «አለሁ» እያሉ ይመልሳሉ። አንዳንዶቹ ይስቁባታል፣ አንዳንዶቹ ይቀልዳሉ። እሷ ግን አትስቅም።

አንድ ቀን አዳኖ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ጋ ስትደርስ መልስ አጣች። ደግማ ጠራች።

«አለ፣ ተኝቷል» አለ ከውስጥ የሌላ ሰው ድምፅ።

ኸይራ ወደ በሩ ተጠጋች። «እሱ ራሱ ይናገር።»

«ደክሞት ነው እትዬ። ምሳውን አስቀምጪለት ብሏል።»

«እሱ ራሱ ይናገር!» ብላ ጮኸች። ግቢው ጭር አለ። ጆሴፍ ያስነሳውን ሞተር መልሶ አጠፋው። ሩቅ የሆነ ቦታ ላይ በንፋስ የሚወዛወዝ የመስኮት መዝጊያ ይሰማል። ኸይራ ሁለት እጇን በሩ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

«አለሁ» አለ በመጨረሻ፤ የተዘጋ፣ የሻከረ ድምፅ ነው።

ኸይራ ግን ያንንም አላመነችም። ሰውዬው ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ወደ መስኮቱ መጥቶ ፊቱን እስኪያሳያት ድረስ ፀሐዩ ላይ ቆማ ቀረች።